የቻይናው ምግብ ቤት ሥርዓትና የቡሬው ሚዛን

ቻይና ምግብ ቤት ገብቶ፣ በልቶና ጠግቦ፣ ሳይወፍሩ መውጣት ይቻላል። መጀመሪያ ቀጭኑ ሾርባ ይታዘዛል፤ ሆድ ሙቅ ነገር ሲያገኝ ዓይን ይሰክናል። ቀጥሎ በእንፋሎት የበሰለ አትክልትና ዶሮ ይመጣል፤ በዘይት ተጠብሶ በጣፋጭ መረቅ የተለወሰው ይታለፋል። ሩዝ ከአንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ግማሽ አይበልጥም። ጥቁሩ ጨዋማ መረቅ በምግቡ ላይ አይፈስም፤ በጎን ይቀመጣል። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። በሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶች መብላትም ጥቅም አለው፤ ያልለመደ እጅ እያዘገመ ስለሚያነሣ ሳህኑ ሳያልቅ ጥጋብ ይደርሳል።

ከዚህ ውስጥ አንድም ስሕተት የለም። ይህን የምለው እንደ ባለሙያ ነው፤ አራት ዓመት በባሕር ማዶ የተማርሁት ሥነ ምግብ ነበር። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ጣቶቹን እየቆጠረ፣ አንድ በአንድ ያስረዳኝ ሰው ግን የተማረው ሕግ ነው። እጮኛዬ ነበር።

ስልሳዎቹ ዓመታት ገና መጀመራቸው ነው። ከባሕር ማዶ በተመለስሁ በሁለተኛው ወር፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አዲስ አበባ ወደነበረ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ወሰደኝ። ጠረጴዛው ክብ ነው፤ በመሐሉ የሚሽከረከር ሌላ ትንሽ ክብ ገበታ አለ። ሳህኖቹ በእሱ ላይ ይደረደራሉ፤ ተመጋቢው ገበታውን እየገፋ የፈለገውን ወደ ራሱ ያመጣል። ሐሳቡ ደስ አሰኘኝ። ማንም ማንንም ሳይለምን፣ ማንም ለማንም ሳያነሣ መብላት ይቻላል አልሁ። ወርቃማ ሆኖ የተጠበሰው ዶሮ ወደ እኔ ሲዞር እጄን ዘረጋሁ። ገበታው ቆመ። እጮኛዬ በአንድ ጣቱ ይዞታል።

«እሱ ላንቺ አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«በዘይት የተጠበሰ ነው። ዘይቱን አስቢው እስቲ።»

«አንድ ግራም ዘይት ዘጠኝ ካሎሪ ነው። ፈተና ላይ መጥቶልኛል።»

ሣቀ። «ካወቅሽውማ ምን አስቸገረሽ?» አለና ገበታውን በዝግታ ገፋው። ዶሮው በፊቴ አልፎ ወደ እሱ ሄደ። ሦስት ቁራጭ አነሣ። እሱ የሚወፍር ሰው አልነበረም።

ዋናው ጉዳይ ከሻዩ ጋር መጣ። ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ከሠርጉ በኋላ እራት የምንጠራባቸው ቤቶች አሉ፤ የአለቃው ሚስት ፈረንጅ አገር ያደገች፣ ወገቧ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ሴት ናት። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«አሥር ኪሎ ብቻ» አለኝ። «ለጤናሽ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ እኔም አግዝሻለሁ።»

«ባይቀንስስ?»

«ይቀንሳላ!» ሻዩን ጠጣ፤ ስኒውን አስቀመጠ። «ባይሆን ደግሞ ሠርጉን ለፋሲካ ማሻገር ይቻላል። የሚያጣድፈን የለም።»

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የሚያጣድፈው ማንን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያስገደደኝ ግን የለም። ተስማማሁ። ሌሎችን ከመክሰሴ በፊት በክሱ ላይ የራሴን ስም ማስቀደም ተገቢ ነው።

ከአዲስ አበባ ልወጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ብቻዬን ወደዚያው ምግብ ቤት ተመለስሁ። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ «ሰው ይጠብቃሉ?» ሲል ጠየቀኝ፤ ሴት ብቻዋን ትበላለች ብሎ ለማመን ተቸግሮ ነበር። ሾርባውን ጠጣሁ፤ አትክልቱን በላሁ፤ ሩዙን ከግማሽ ላይ አቆምሁ። ከተጠበሰው ዶሮ ሁለት ቁራጭ አስመጣሁና ቀስ ብዬ፣ አጥንቱ እስኪነጣ ድረስ በላሁ። ሦስተኛ አላሰኘኝም። ሥርዓቱ በትክክል የሠራልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ምክንያቱን ያን ጊዜ ልመረምረው ይገባ ነበር፤ ሻንጣዬን ማሰናዳት ስለነበረብኝ አልመረመርሁትም።

በመስከረም የሳይንስ መምህርት ሆኜ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ቻይና ቤት የለም፤ ሥርዓቱ ግን አብሮኝ በአውቶቡስ መጥቷል። በሾርባው ፋንታ የጎመን ውኃ፣ በሩዙ ፋንታ ሩብ እንጀራ። ሩቡን በቢላ ቆርጬ ቀሪውን ከዓይኔ አርቅ ነበር። ሽሮው ያለ ዘይት ይሠራል፤ ሻዩ ያለ ስኳር ነው። አብረውኝ የሚያስተምሩት ምሳ ሲጠሩኝ «በልቻለሁ» እላለሁ። በኅዳር አጋማሽ የነቢያት ጾም ሲገባ ዕረፍት አገኘሁ፤ በዙሪያዬ ያለው ሰው ስለሚጾም ለምን አትበይም የሚለኝ ጠፋ። እነሱ ለእግዚአብሔር ይጾማሉ፤ እኔ ለአንድ የሕግ ምሩቅ።

ችግሩ ቡሬ ነበር። እናቴ ቡሬ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። የቻይናው ሥርዓት የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን ሲኖረው ነው። በእናቴ ትሪ ላይ ወሰን የለም፤ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፤ የገበታው ክብርም ያ አለመታወቁ ነው። ወጡ እንጀራው ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ በጎን ማስቀመጥ የሚባል ነገር አይታሰብም። ከሁሉም በላይ የእናቴ እጅ አለ። እናቴ አጠገቧ የተቀመጠን ሰው ሳታጎርስ የበላችበትን ቀን አላስታውስም።

«እማ፣ ይተዉኝ፣ ጠግቤአለሁ።»

«ምን በልተሽ?»

«በልቻለሁ እኮ።»

«ድመቷም በልታለች። እያት፣ ኸአንች እሷ ትሻላለች። ያ ሁሉ ፈረንጅ አገር ሲያስተምርሽ አፍ መክፈት ነው ያስረሳሽ? ክፈች!»

እከፍታለሁ። የእናት ጉርሻ አይመለስም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ የእናቴን እጅ በካሎሪ እያሰላሁ ፍኖተ ሰላም እደርሳለሁ፤ ሰኞ ሙሉውን ቀን የጎመን ውኃ እጠጣለሁ።

ቁጥሩን መጻፍ ደግሞ ነበረብኝ። በፍኖተ ሰላም ያገኘሁት ሚዛን ሕፃናት የሚመዘኑበት ብቻ ነበር። ሙሉ ሰው የሚያቆም ሚዛን ያለው ቡሬ፣ ከእናቴ ቤት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ እህል ነጋዴው ዘንድ ነው። ነጋዴው የሟቹ አባቴ ወዳጅ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጤፍና ስንዴ በጆንያው የሚመዘንበት፣ የብረት መደብ ያለው ትልቅ ሚዛን ነበራቸው። በገበያ ቀን፣ ነጠላዬንና ጫማዬን አውልቄ፣ ጆንያ በሚቀመጥበት ላይ ቆምሁ።

«አንች ልጀ፣ ምን ሆንሽ?»

«ክብደቴን ላውቅ ነው፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ጥቂት አዩኝ፤ ከዚያም ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አሉ። «ሰባ አንድ!» ሲሉ ጮኹ፤ ለእህል እንደሚጮኹት።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ «ኧረ ጆንያው ይቀነስላት!» አለ። ግቢው በሙሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ያን ጊዜ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ስልሳ ዘጠኝ ሆንሁ። ከዚያ ስልሳ ሰባት ተኩል። እጮኛዬ «ጎበዝ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን ሲያርሙለት የሚጻፍለት ዓይነት ነበር። ከሥሩም አገር ቤት ቅቤ እንደሚበዛ አውቆ እንደሚሠጋ አሰፈረ። ለአራተኛ ጊዜ ሚዛኑ ላይ ስቆም ሽማግሌው ጩኸቱን ተዉት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ስልሳ ስድስት» አሉ። ቀጥለውም፦

«እንግዲህ ስንዴውን መቼ ታስወስጅዋለሽ?»

«የምን ስንዴ?»

«ኧረ እኔ ምን አግብቶኝ! ያንችና የእሱ ነገር ነው» አሉና በአገጫቸው ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ጠቆሙ።

አልገባኝም፤ አልጠየቅሁምም። የተማረ ሰው ያልገባውን ነገር ሲሰማ፣ የተሳሳተው ተናጋሪው ነው ብሎ ያልፋል።

ነገሩን የገለጠችልኝ እናቴ ናት፤ ያንኑ ቀን፣ ምሳ ላይ። በእኛ ሰፈር ሰው በእህል ሚዛን ላይ የሚቆመው በአንድ ምክንያት ብቻ ነበር። ልጅ ታሞ ቢድን ወይም መካን ብትወልድ «የክብደቱን ያህል ስንዴ ለመገበሪያ አገባለሁ» ተብሎ ይሳላል፤ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነው ስንዴ ነው መገበሪያ የሚባለው። ባለ ስለቱ በሚዛኑ ላይ ይቆማል፤ በትክክሉ ስንዴው ይመዘናል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ግን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቆምሁ፤ በቆምሁ ቁጥርም ቀለልሁ። ቡሬ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ፣ በእጁ ከነበረው መረጃ አንጻር፣ የሚነቀፍ አልነበረም። መምህርቷ ባል ባገኝ የክብደቴን ያህል ስንዴ ብላ ተስላለች፤ ባሉ ተገኘ፤ አሁን ስንዴው እንዲያንስላት ራሷን በረኃብ እያከሳች ነው።

«ታቦት ልታታልል ነው ይላሉ» አለች እናቴ። «ገበያ መውጣት አፈርሁ። ለየትኛው ታቦት እንደተሳልሽ እንኳ ለእኔ ለናትሽ አልነገርሽኝም።»

መሣቄን መቆጣጠር አልቻልሁም። ሣቄ ከሐሜቱ ይልቅ ጎዳት።

«ትስቂያለሽ? ለአምስት ኪሎ ስንዴ ብለሽ? ጎተራየ ባዶ ነው ወይ?»

በማግሥቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የእናቴ የንስሐ አባት ቤታችን መጡ። እሷ እንደጠራቻቸው ገባኝ። ስለ መኸሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ፤ ሰውን ፊት ለፊት መውቀስ በአገራችን ነውር ነው። ጠላቸውን ሁለት ጊዜ ከተጎነጩ በኋላ ብቻ፣ ወደ በሩ እያዩ፣ እንዲህ አሉ፦

«አንድ ገበሬ ነበር ልጀ፤ ይህን ማሳ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ አለ። ኋላ ድንበሩን በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ እየገፋ ወደ ራሱ ይመልሰው ጀመር። ማሳው አነሰ። የተሰጠው ግን ፊተኛው ማሳ ነው።»

«አባ፣ እኔ ማሳ አልሰጠሁም።»

«ማሳማ የለሽም። ሚዛን ላይ የቆምሽው ግን አንች ነሽ። ታቦቱ የመጀመሪያዋን ቀን ያውቃታል። ሰባ አንድ ነበርሽ።»

ቁጥሩን ያውቁታል። እህል ነጋዴው ግቢ በሣቅ ተረስቷል ብዬ ለእጮኛዬ ብቻ የጻፍሁትን ቁጥር የደብሩ ካህን በቃላቸው ይዘውታል።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። ዝም ብል ስንዴው ይገባል፣ ሐሜቱ ይሞታል፣ በጥር እዳራለሁ። ብናገር እናቴ ልጇ የምትራበው ለማን ዓይን ብላ እንደሆነ ታውቃለች። አፌን ስከፍት የምፈልገው ምን እንደሆነ ተገለጠልኝ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ «ልጄን የሚያስርባት እሱ ማን ነው?» እንድትል ፈለግሁ። እኔ ያልደፈርሁትን ሠርግ እሷ እንድታፈርስልኝ ፈለግሁ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ሾርባውን፣ የሩዙን ልክ፣ በፊቴ ያለፈውን ዶሮ፣ ገበታውን የያዘውን ጣት፣ አሥሩን ኪሎ፣ ሠርጉ ለፋሲካ ሊሻገር እንደሚችል መባሉን። አንድም ነገር አላስቀረሁም።

አባ ጠላቸውን አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ከዚያ፣ «ቻይኖች ይጾማሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አላውቅም፣ አባ።»

«እንዲህ ሰፍረው የሚበሉ ኸሆነ ሳይጾሙም አይቀሩ» አሉ።

እናቴ መሬት መሬት እያየች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ስንት ቀረሽ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ኪሎው ነዋ! አሥር ነው ያለኝ አላልሽም? ስንት ቀረሽ?»

«አምስት።»

«ለጥር ስንት ሳምንት አለ...» አለች ለራሷ፤ በጣቶቿ ቆጠረች። ከዚያም ወደ ካህኑ ዞረች። «አባ፣ ስለት ነው ይበሉልኝ። ሰባ አንዱን ኪሎ ስንዴ እኔ አወጣለሁ። ሙሽራው ከስታ ትምጣልኝ አለ ኸሚባልብኝ ስለት ይባል።»

«ውሸት ነው እኮ፣ እማ!»

«ስንዴው እውነት ነው» አለች።

አባ ጠላቸውን ጨረሱ። እሺም እንቢም አላሉም፤ ግን ሲወጡ፣ ከወትሮው ረዘም አድርገው ባረኩኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንዴው በዚያው ሚዛን ተመዝኖ በአህያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከኋላው ሄደች፤ ሴቶቹ እልል አሉላት። እኔም አጠገቧ ሄድሁ፤ ሰዎች «እግዚአብሔር ይቀበልሽ» ሲሉኝ «አሜን» አልሁ። በሕይወቴ ካልኋቸው ውሸቶች ሁሉ በብዙ ሰው ፊት ያልሁት ይህ ነው።

ስንመለስ ምሳ ቀረበ፤ ክክ ወጥና ጎመን። እናቴ አላጎረሰችኝም። ትሪው ላይ በእኔ በኩል የተዘረጋው እንጀራ መዳፍ ያህል ነበር፤ የቀረውን ወደ ራሷ አጥፋዋለች። የፊቴን ጨርሼ እጄን ወደ ታጠፈው ዘረጋሁ። እጄን ያዘችው፤ ሕፃን ከእሳት እንደሚመለስ ያህል፣ ሳታጠብቅ።

«ተይ» አለች። «አምስት ብቻ ነው የቀረሽ።»

እጮኛዬን መረዳት አልቸገረኝም። የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ የሚፈልገውንም በግልጽ ተናግሯል። እናቴ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠግቤአለሁ ስላት አፌን በግድ ስታስከፍተኝ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። አሁን የያዘችኝ ያው እጅ ነው። የከሳች ልጅ ያላት እናት ትታማለች፤ ያላገባች ልጅ ያላት እናት ደግሞ ይበልጥ ትታማለች። ጉርሻውም ክልከላውም በዚህ ስሌት ይሰፈሩ እንደነበር ያን ቀን ተረዳሁ። ረኃቤ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

እጄን ከእጇ አላቅቄ የታጠፈውን እንጀራ ዘረጋሁትና በላሁ። አልተጣደፍሁም። እስክጠግብ በላሁ፤ ስጠግብ አቆምሁ። ቀና ስል እናቴ መብላቷን ትታ ታየኝ ነበር። አላለቀሰችም። ስንት እንደበላሁ እየገመተች ነበር።

ሰኞ ዕለት ለእጮኛዬ ጻፍሁ። ደብዳቤው ሦስት ዐረፍተ ነገር ነበር። «ክብደቴ ስልሳ ስድስት ኪሎ ነው። ከእንግዲህ ቁጥር አልጽፍልህም። ያለ ቁጥሩ የምትፈልገኝ ከሆነ ሠርጉ በቀኑ ይሁን።» መልሱ ለገና ሰሞን ደረሰ። አማርኛው ያማረ ነበር፤ ሁልጊዜም ያማረ ነበር። ውሳኔዬን እንደሚያከብር፣ ሁለታችንም በጥሞና ማሰብ እንደሚኖርብን፣ ሠርጉም ለጊዜው ቢቆይ እንደሚሻል ገልጾልኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። አልጠበቅሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እስከ ፋሲካ ጠብቄአለሁ።

ቡሬ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። ስለቱ ዘገየ፤ ከገባም በኋላ በሙሉ ልብ አልነበረም፤ ታቦቱ ተቀየመ። ይህን ከገበያው መስማቴ አላስደነቀኝም። ስለት እንዳልነበረ ግን እናቴ ታውቃለች፤ ውሸቱን በገዛ አፏ ያዘዘች እሷ ናት። በመጀመሪያው ዓመት ዝም አለች። በሁለተኛው «ሰው እንዲህ ይላል» ማለት ጀመረች። በሦስተኛው ዓመት፣ ከጎረቤት ሴት ጋር ደጃፍ ተቀምጣ፣ እኔ ከውስጥ እየሰማሁ፣ «ስለቷን ስታጓትት ነው እንጅ ያ ልጅስ ሊወስዳት ነበር» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ማስመሰል አልነበረም። አምናዋለች። ወጥቼ ላርማት ተነሣሁና ከበሩ ሳልደርስ ተቀመጥሁ። ባል የማይፈልጋት ልጅ ከምትኖራት፣ ታቦት የተቀየማት ልጅ ብትኖራት ለእሷ ይቀላታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን አልተውሁም። ከዚያ ምሳ ወዲህ ምግቤን ለብቻው በሳህን ታቀርብልኛለች፤ በእኛ ቤት ለብቻው በሳህን የሚቀርብለት በሽተኛ ነበር። «እንግዲህ እንደ ልክሽ» ትልና የራሷን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔ በልኬ እበላለሁ። ክብደቴም ዛሬ ድረስ ከስልሳ ስድስት ብዙ ፈቅ አላለም፤ እንደ ባለሙያ ስናገር፣ ለቁመቴ ተገቢው ያ ነው።

አንድ የዳግም ትንሣኤ እሑድ የበግ ወጡ እጅግ ጥሩ ሆኖ ነበርና ከጓዳው መጋረጃ ወዲህ ሆኜ፣ «እማ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ» አልኋት።

«ይጨመራል» አለች ከውስጥ።

ድስቱን ይዛ ወጣች። በጭልፋ ቀድታ ሳህኔ ላይ አፈሰሰችልኝ፤ አጥንቱ ያለበትን መርጣ። ከዚያም ድስቱን ይዛ ተመለሰችና መጋረጃውን ጋረደች።